ኮምፒውተሩ ያሸነፈው ዘበኛ

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ ቼዝ የሚጫወት ኮምፒውተር ገዙና ኩራቱን አልቻሉትም። አንድ ቀን በር ላይ በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ያገኙትን ምላሰኛ ዘበኛ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡት።

«በዚህ ኮምፒውተር የሚሸነፍ ጭንቅላት እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይሠራም። ከተሸነፍክ ትወጣለህ» አሉት።

ዘበኛው የያዘው ሻይ ሳይበርድ ተሸነፈ።

«በል ውጣ» አሉ ሥራ አስኪያጁ እየተፍነከነኩ።

«እሺ ጌታዬ። ለመሆኑ እርስዎ አሸንፈውት ያውቃሉ?»

«እንዴት ተደርጎ? እኔን ራሴን በየቀኑ ነው የሚያሸንፈኝ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ዘበኛው ሮጦ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እንግዲያው ይቅደሙ ጌታዬ። አለቃዬን ቀድሜማ አልወጣም።»