«አንተ» ያለችው ልጅ

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን ተዉት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ አሥራ ሁለት ዓመት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ እንግዳ ያስተናገደ ሰው ነው። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ሊናገር እጁን ሲያወጣ፣ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ «አንተ ቁጭ በል፣ ጊዜ የለንም» አለው። ሰው ሁሉ ሰማ። እሱም ተቀመጠ።

እኔ ቢቀየም አልፈርድበትም። በባለ ዲግሪዎች መካከል አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። የማያውቀው ደግሞ አይሳቅ። ያቺ «አንተ» ሰባት ዓመት በደረቱ ውስጥ ተቀመጠች።

ታዲያ የስኳር ሕመም ላለባቸው ልጆች ሐይቅ ዳር የክረምት ካምፕ ሊዘጋጅ ነው፣ በጎ ፈቃደኛ ይመዝገብ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ተመዘገበ። ለልጆቹ አዝኖ ነው? አዝኖም ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እዚያ እንኳ የሚያከብረኝ አገኛለሁ ብሎ ነው።

ስምንት ልጆች ተሰጡት። የካምፑ ነርስ ሲስተር ትርሲት ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አደለች። «ይሄ ከኪሳችሁ እንዳይወጣ» አለች። «ልጁን ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዷል ማለት ነው። መጀመሪያ ስኳሩን ስጡት፣ ጥያቄው ይደርሳል።»

ከስምንቱ አንዷ ፍሬገነት ትባላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አፏ የማያርፍ። ገና በመጀመሪያው ቀን መጥታ እጁን ያዘችና፣ «አንተ፣ ዋና ትችላለህ?» አለችው።

ሲስተርን «እርስዎ» ትላለች። ሐኪሙን «እርስዎ» ትላለች። እሱን ግን «አንተ»!

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ! አባትሽን እንዲህ ነው የምትጠሪው?»

«አዎ» አለችው፣ ፈገግ ብላ።

ልጆቹ ሳቁ። አንዱማ «በላችው!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው እርስዎ እስክትይኝ ድረስ አልሰማሽም» አላት። አደረገውም። «አንተ፣ ጫማዬ ተፈታ» ስትለው ፊቱን ያዞራል። «አንተ፣ ስማ እንጂ!» ስትለው ያፏጫል። እሷ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ትከተለዋለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። እሱ የመረቡን ገመድ ያስራል። ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«አንተ... ና።»

አልዞረም።

«አንተ... ና እንጂ።»

ድምፁ ቀጥኗል። ሳቅ የለበትም። ሰማ፣ ወገኖቼ! ይህንንም ሰማ! ሰምቶም ገመዱን ደግሞ አጠበቀ። «አሁን ትለምደዋለች» አለ በልቡ።

ሦስተኛ ጊዜ የጠራው የለም። ዞር ሲል ፍሬገነት ሣሩ ላይ ወድቃለች፤ ልብሷ በላብ ርሷል። ስኳሩ ኪሱ ውስጥ ነው። አሁን ቢያወጣውስ? መዋጥ አትችልም። ሲስተር ትርሲት እየሮጠች ደርሳ በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጠቻት። ልጅቱ ከስንት ጭንቅ በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

«አልጠራችህም?» አለችው ሲስተር።

«አልሰማሁም።»

ፍሬገነት ከተኛችበት አየችው።

በማግሥቱ ጠዋት ከሩቅ ቆማ፣ «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ» አለችው። ይኸው፣ የፈለገው ክብር መጣለት! ታዲያ ለምን ቁርሱን ትቶ ተነሣ?

በመጨረሻው ቀን ወላጆች መጡ። አንድ ግንበኛ፣ ሲሚንቶ ከልብሱ ሳይራገፍ፣ በበሩ ገባ። ፍሬገነት ከሜዳው ማዶ፣ «አንተ! ለምን ቆየህ?» ብላ ጮኸች። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አባቷ እየሳቀ ተሸከማት።

ያን ጊዜ ገባው። «አዎ» ያለችው ልትሰድበው አልነበረም፤ እውነቷን ነበር። ባየችው ቀን ከአባቷ እኩል አድርጋው ነበር።

ጠጋ አለና፣ «ፍሬዬ፣ እንደ ድሮው አንተ በይኝ» አላት።

ፊቷን አባቷ ትከሻ ውስጥ ደበቀች። «አይ። እርስዎን እፈራለሁ።»

አባትየው ግራ ገብቶት ሲያየው፣ ሲስተርም እዚያው ቆማ ሳለ፣ «የወደቀች ቀን ሰምቻት ነበር» አለ ሰውዬው። «ሁለት ጊዜ ጠርታኛለች። ሰምቻለሁ።»

«ልጄ ስትጠራህ?» አለ አባትየው። ልጁን ይዞ ሄደ።

የተወደዳችሁ፣ እናንተስ? የናቃችሁ አንድ ሰው፣ የቀጣችሁት ሌላ ሰው አይደለም ወይ? አለቃ ያዋረደው ማታ ሚስቱን ዝም ይላታል። ጉባኤ የናቀው ልጁን ያስፈራራል። የተነፈገንን ክብር ከነፈገን ሰው መጠየቅ ስለማንደፍር፣ እጃችንን ከሚይዘን ትንሽ ልጅ እንቀማለን! ቤታችሁ ውስጥ ስትገቡ ጨዋታ የሚያቆም ልጅ ካለ፣ አከበረኝ አትበሉ። እኔን መፍራት የጀመርከው መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁት።

እግዚአብሔርንስ ምን ብለን ነው የምንጠራው? እስቲ «እርስዎ» ብሎ የጸለየ እጁን ያውጣ። የለም! ጭቃ ሆነን፣ ዓመፀኛ ሆነን፣ «አንተ» እንለዋለን። ሰማይና ምድርን የያዘው በዚህ ተቀይሞ ገመዱን ሲያጠብቅ ቢቆይ ኖሮ፣ ከመካከላችን ማን ይተርፍ ነበር?

ተነሡ፣ እንጸልያለን። የመጀመሪያዋን ቃል ግን እንደ ልማዳችሁ አትለፏት። ቀስ ብላችሁ «አንተ» በሉ። ከዚያ ዝም በሉና፣ አንተ ብሎ፣ አንቺ ብሎ ጠርቷችሁ ጀርባ የሰጣችሁትን ሰው ፊት ተመልከቱ። እስክታዩት ድረስ አሜን አልልም።