ጅብና አህያ በዝናብ ያዩት ቴአትር

አንድ ጊዜ፣ በልግ በገባ ሰሞን፣ ቀበሮ ጦጣዎችን አሠልጥኖ ከዋርካው ሥር ቴአትር ሊያሳይ ተነሣ። ተመልካች እንዳይጠፋበት ሰግቶ በየጫካው እየዞረ፣ «ጥጃ ትጠፋለች፣ እናት ታለቅሳለች፣ በመጨረሻም ታላቅ ድግስ ይገባል» ብሎ ለፈፈ። አንበሳም በበኩሉ፣ «ጨዋታው እስኪያልቅ ማንም ማንንም እንዳይበላ» የሚል ዐዋጅ አስነገረ።

አህያ ይህን ስትሰማ በደስታ እንቅልፍ አጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት እንጂ ጨዋታ አይታ አታውቅም። በቀኑ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ከፊት ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ጅብ፣ እስኪነክስ ያነክስ የለ፣ እያነከሰ መጣና ካጠገቧ ዘጭ አለ። ብትደነግጥም አንበሳን ከኋላ ካለው ቋጥኝ ላይ ተሰይሞ ስላየችው ዐይኗን ወደ መድረኩ መለሰች።

ጨዋታው ተጀመረ። ትንሿ ጦጣ ጥጃ ሆና ገደል አፋፍ ላይ «እምቧ» ስትል የአህያ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። እናት ሆና የምትጫወተው ጦጣ በአንድ በኩል ስትገባ ጥጃዋ በሌላው በኩል ወጣች።

«ከኋላሽ ናት፣ ዙሪ እንጂ» አለች አህያ ራሷን መግታት አቅቷት።

ይህን ጊዜ ሰማዩ ተቀደደ። መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ በረዶ ወረደ። ጥንቸሎች ተበተኑ፤ ድኩላና ሚዳቋ ጫካ ገቡ። አንበሳ ጥቂት ታገሠ፤ ጎፈሬው ርሶ ፊቱ ላይ ሲለጠፍ ግን «የመንግሥት ጉዳይ ትዝ አለኝ» ብሎ ወደ ዋሻው ገሠገሠ። የመንግሥት ጉዳይ ዝናብ ሲመጣ ትዝ ማለቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ሜዳው ላይ የቀሩት አህያና ጅብ ብቻ ሆኑ። ጅብ ከኮቴዋ እስከ ጆሮዋ አያት።

«እሜት አህያ፣ ዐዋጁ ከባለቤቱ ጋር የሄደ መሰለኝ» አላት ምራቁን እየዋጠ።

ብትሮጥ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጅብ ደግሞ በጭቃም ሩጫ ያውቅበታል። ፈራች። ደግሞስ ጥጃዋ እናቷን ሳታገኝ ወዴት ይኬዳል? ከሞት ይልቅ የጨዋታውን መጨረሻ ሳታይ መሞቷ አንገበገባት።

«አያ ጅቦ፣ ድግስ የተጠራ ጨዋ ቤቱ በልቶ ይሄዳል?» ስትል ጠየቀችው።

«እንዴት ተደርጎ። ነውር ነው፤ ሆድም ቦታ ያጣል።»

«ታዲያ ድግሱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሆድዎን በእኔ አጥንት ሊሞሉት ነው? በኋላ የሰንጋ ታፋ ሲቀርብ በየት በኩል ሊያስገቡት?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ጊዜ ወሰደበት።

«እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «አንቺን ከድግሱ በኋላ። ብቻ እንዳትሄጂ።»

«ሳያልቅማ ወዴት እሄዳለሁ?» አለችው። እውነቷን ነበር።

ቀበሮ ግን ተመልካቹ ሲበተን አይቶ ተስፋ ቆርጦ ነበርና መጋረጃውን ሊያወርድ ገመዱን ያዘ። ጅብ ብድግ አለ።

«ምን ነካህ አንተ? ድግሱ ሳይገባ ማን ይዘጋል? ቀጥሉ!» ብሎ ጮኸበት።

ጦጣዎቹ ከፍርሃታቸው የተነሣ እንደዚያ ቀን ተጫውተው አያውቁም። ነጎድጓዱ ከበሮ ሆነላቸው። ጥጃዋ በጎርፍ መካከል ስትጣራ፣ እናት እየወደቀችና እየተነሣች ስትፈልጋት፣ አህያ በረዶውንም ጅቡንም ረሳች። ተገናኝተው አንገት ለአንገት ሲተሻሹ እንባዋ ወረደ፤ በዚያ ዝናብ ማን ይለየዋል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

«ድግሱ ይግባ» አለ ቀበሮ።

አራት ጦጣዎች አንድ ትልቅ የሰንጋ ታፋ ተሸክመው ገቡ። ታፋው የወይራ ግንድ ላይ በጭድ የተቦካ ቀይ ጭቃ ተለስኖ የተሠራ ነበር። ጅብ በአንድ ዝላይ መድረኩ ላይ ወጣና ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰው። ጭቃው ጉሮሮውን ሞላው፤ ጥርሱም ወይራው ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አህያ ወዲያው አልሄደችም። የፊት እግሮቿን እያፈራረቀች ጭቃውን ደበደበችው፤ የእሷ ጭብጨባ እንዲህ ነው። ከዚያ «ሌላ ጊዜ ስታሳዩ ጥሩኝ» ብላ ጅራቷን እያወዛወዘች ወደ ቤቷ አቀናች።

ቀበሮ ወደ ጅብ ጠጋ አለ።

«አያ ጅቦ፣ እስከ መጨረሻው የሚቆይ ተመልካች ብርቅ ነው። ለመሆኑ ጨዋታው እንዴት ነበር?»

የጅብ አፍ ግን ገና ድግስ ላይ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ለጨዋታው ብሎ የመጣ ዝናብ እየወረደበትም ጠግቦ ሲመለስ፣ ለድግሱ ብቻ የመጣ ግን ካጠገቡ ያለውንም አጥቶ ጭቃ ቅሞ እንደሚቀር ነው።