የድንኳኑ ኢንጂነር

አንድ ቀን እኛ ሰፈር እማማ ትሁኔ ዐረፉና የእድሩ ድንኳን ሊተከል ወጣ። ድንኳን የሚተክሉት እንደ ደንቡ ሥራ የሌላቸው ጎረምሶች ናቸው፤ ዘንድሮ ደግሞ ሥራ የሌለው ሁሉ ኢንጂነር ነው። ሲሚንቶው ከተወደደ፣ ባንኩም ብድር ከነፈገ ወዲህ ግንባታው ሁሉ ቀጥ ብሏል። ይህን ወሬ ለዩኒቨርሲቲው የነገረው የለም መሰለኝ፣ እሱ እቴ ማስመረቁን አላቆመም። እናም የእማማ ትሁኔን ድንኳን ገመድ የወጠረው ሲቪል፣ ካስማውን የመታው ሜካኒካል፣ አምፖሉን የሰቀለው ኤሌክትሪካል ነበር። እንዲህ ያለ የተማረ ድንኳን ለባለሥልጣንም አልተተከለም።

ገመድ የወጠረው ልጅ ይትባረክ ይባላል። ከተመረቀ ዓመት አልፎታል። እናቱ የምረቃ ፎቶውን ከሳሎን ወደ ጓዳ አዛውረውታል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጁ ሥራ የት ገባ?» እያለ ቢያሰለቻቸው።

በማግስቱ ድንኳኑ በለቅሶ ደራሽ ሞልቶ ሳለ ተቋራጩ ጋሽ ደምሰው መጡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ባልቻ አጠገባቸው አስቀመጧቸውና ይትባረክን ጠቅሰው ጠሩት።

«ደምሰው፣ ይህን ልጅ እባክህ አስጠጋው። ኢንጂነር ነው፣ የእኛው ልጅ ነው።»

ጋሽ ደምሰው ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ልምድ አለው?»

«ገና ሥራ ያልያዘ ልጅ ልምድ ከየት ያመጣል? አንተው ጋ ይልመድ እንጂ!»

«በነፃም ቢሆን እሠራለሁ ጋሼ» አለ ይትባረክ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ።

«በነፃ? ምሳ አትበላም?» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ንፍሮ እየተጨመረላቸው። «ዘንድሮ እኔ ራሴ ያሉኝን ሠራተኞች እየበተንኩ ነው፣ ሕንፃዎቼ ሁሉ ቆመውብኛል!» ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ይቺን አንተ ነህ አሉ የተከልካት? ጎበዝ! አፈሩን አስመርምረሃል? አርማታስ ሞልተህላታል?»

በዙሪያቸው ያለው ሰው ሳቀ። ባለገንዘብ ሲቀልድ የማይስቅ የት አለ? ጋሽ ደምሰው ሳቁን ሲሰሙ ባሰባቸው።

«አይዞህ ልጄ፣ እዚሁ በርታ። አምስት ዓመት ድንኳን ተክለህ ናና ያኔ እንነጋገራለን።»

አቶ ባልቻ በሐፍረት መሬት መሬት አዩ። ይትባረክ ግን ቀና አለ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ልምድስ እዚህ ይሻለኛል። ዘንድሮ በዚህ ከተማ ጠዋት ተጀምሮ ማታ ሰው የገባበት ግንባታ ይህ ድንኳን ብቻ ነው። እርስዎ ጋ ብገባ የምለምደው መጀመር ብቻ ነበር።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። አቶ ባልቻን ሳል ያዛቸው። የእማማ ትሁኔ ልጅ እንኳ፣ ሐዘንተኛዋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አቀረቀረች፤ ያላወቀ ዘመድ «እናቷ ትዝ አለቻት» ብሎ አባበላት።

ሥራውንስ አገኘ? ኧረ ወዲያ! ብቻ ጋሽ ደምሰው ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሲደርሱ ደጅ ቆመው «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ነው የሚመለሱት፤ ድንኳን አይገቡም።