የማርያም ገንፎና ሁለቱ ነገሥታት

ተረት ደጃችሁ ቆሟል። «ይግባ፣ በሩ ክፍት ነው» በሉት።

ድሮ ድሮ፣ ወንዙ ገና ስም ሳይወጣለት፣ ገላው የሚባል ገበሬ ወዲህ ማዶ ይኖር ነበር። ሁለት ልጆች ነበሩት። ወንዱ አብሮት ያርሳል። ሴቷ ውዲቱ የተዳረችው ወዲያ ማዶ ነው።

አንድ ቀን የወዲህ ማዶ ንጉሥና የወዲያ ማዶ ንጉሥ በወንዙ መሻገሪያ፣ መልካው ላይ ተገናኙ። መንገደኛ ቀድሞ ሰላም ይላል፤ ወጉ ነው። ግን ሁለቱም መንገደኞች ነበሩ።

«መንገደኛው አንተ ነህ። ሰላም በለኝ» አለ አንዱ።

«አንተ ነህ እንጂ!» አለ ሌላው።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ተፋጠጡ። በቅሎዎቻቸው እንኳ ተላምደው አንገት ለአንገት ተሻሹ። ነገሥታቱ ግን ተኮራርፈው ተመለሱና ነጋሪት አስጎሰሙ።

የወዲህ ማዶው አማቹን ጠራ። የወዲያ ማዶው የክርስትና ልጁን ጠራ። አማች የእኅቱን ባል ጠራ፤ የክርስትና ልጅ አበልጁን ጠራ። ከደጋ በፈረስ መጡ። ከቆላ በግመል መጡ። ከባሕር ማዶ በመርከብ መጡ። ዓለም ሁሉ ተዋጋ።

«ለምንድን ነው የምንዋጋው?» አለ ባለግመሉ።

«ሰላም ሳይባል ቀርቶ» አለ ባለመርከቡ።

«ማን ለማን?»

«እሱን ስንጨርስ እንጠይቃለን።»

በሬው ታረደ። መሬቱ ጦም አደረ። መልካው ተዘጋ። የገላው ወንድ ልጅ ዘምቶ ቀረ።

አንድ ጠዋት ከወዲያ ማዶ ሴቶች ተጣሩ፤ «ውዲቱን ምጥ ጀምሯታል!»

«አንዱን ጦር በላብኝ» አለች ሚስቱ አስካለ። «አንዷን በዚህ ቀኗ ሳላያት ልቅር?»

ገላው ወደ ንጉሡ ሮጠ። «ጃንሆይ፣ ልጄ ምጥ ላይ ናት። መልካውን ይክፈቱልኝ።»

«ያኛው ሰላም ይበለኝና ይከፈታል።»

ወንዙ ዳር ቆሞ ወደዚያኛው ንጉሥ ጮኸ። «ጃንሆይ፣ ልጄ ምጥ ላይ ናት። መልካውን ይክፈቱልኝ።»

«ያኛው ሰላም ይበለኝና ይከፈታል።»

ሦስተኛ ጊዜ ማንንም አልለመነም። ዱቄትና ቅቤ ተሸክሞ ወንዙ መሀል ካለው ድንጋይ ላይ ወጣ። ሦስት ጉልቻ ጎለተ። እሳት አነደደ። ከወዲህም ከወዲያም ጦር ተሰበቀበት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የማርያምን ገንፎ እያገነፋሁ ነዋ! ጃንሆይ ሁለታችሁም ተጠርታችኋል። አልቀምስም የሚል ካለ ይንገረኝ፤ ለእሷው እነግራለሁ።»

ነገሥታቱ ሠራዊት አይፈሩም። ማርያምን ግን ይፈራሉ። ደግሞም ገበሬው ሁሉ ዘምቶ እነሱም ቆሎ መቆርጠም ከጀመሩ ሰንብተዋል። የቅቤው ሽታ መጣ። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ውሃው ውስጥ ገቡ።

«ማን ይቅደም?» አሉ።

«ገንፎ ክብ ነው፤ ራስጌ የለውም» አለ ገላው።

ሳይተያዩ ወደ ቅቤው ቆፈሩ። ገንፎ ላዩ ቀዝቃዛ፣ ውስጡ እሳት ነው። የወዲህ ማዶው ጎረሰና ዓይኑ ፈጠጠ።

«ውሃ! ውሃ!»

«እንካ ወንድሜ፣ እንካ!» አለ የወዲያ ማዶው፣ በዘውዱ ከወንዙ ቀድቶ።

ከሠራዊቱ መሀል ባለግመሉ ሳቀ። ባለመርከቡም ሳቀ። ወንዙ በሳቅ ሞላ።

«እኔ ውሃ አልኩ እንጂ ሰላም አላልኩም» አለ ንጉሡ።

«እኔም እንካ ነው ያልኩት።»

«ከእንካ የሚበልጥ ምን ሰላምታ አለ?» አለ ገላው።

ነገሥታቱ ተያዩ። የአንዱ ጢም በቅቤ ርሷል፤ የሌላው ዘውድ ይንጠባጠባል። ሳቅ አመለጣቸው። «እንዴት ከረምህ?» ተባባሉ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ያን ጊዜ ከወዲያ ማዶ እልል ተባለ። ሦስቴ። ሴት ልጅ! አስካለ ቀሚሷን ሰብስባ መልካውን ተሻገረች። ማንም አልከለከላትም።

ነገሥታቱ ሊሄዱ ሲነሡ ገላው መንገድ ዘጋ።

«ወዴት? የልጄ መሬት ጦም አድሯል። የጎረቤቶቼም ልጆች እንደዚሁ። የእነሱን ሳታርሱ ቤታችሁ አትገቡም።»

አፍረው ሞፈር ተሸከሙ፤ በሬው ታርዷልና በቅሎዎቻቸውን ጠመዱ። ትልማቸው እንደ እባብ ተጣመመ፤ ሕፃናት እየተከተሉ ሳቁባቸው። ክረምቱን ሙሉ አረሱ። የውዲቱም ልጅ ይርጋለም ተባለች።

ከጦርነቱ ያልተመለሱት ግን ሰላምታ አይመልሱም። ገላው ጠዋት ጠዋት በልጁ ማሳ ሲያልፍ፣ ቀድሞ «እንዴት አደርህ?» ይላል።

ሰላምታ ሲሰጡት አያጎድል፣ ሲነፍጉት አገር ይገድል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በገንፎ ቅቤ አብሱ።