የቢተው ተመላሽ ዱላ

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
በረቱን ለዛሬ ተዉትና ወደ ማሽላ ማሳ ተከተሉኝ።

በድሮ ዘመን፣ ወፉ ሲነሣ ፀሐይ በሚጋርድበት በአንድ የቆላ አገር፣ ቢተው የሚባል ብልህ ሰው ነበረ። ብልህነቱን ማን መሰከረለት አትበሉኝ፤ ራሱ ነው። ሚስቱ እንጉዳይ ማሽላውን ዘራች፣ አረመች፣ ኮተኮተች። ለቢተው የቀረችው ሥራ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ማማ ላይ ወጥቶ እየጮኸ ወፍ ማባረር።

እንጉዳይም፦ «አንተ ሰውዬ፣ አምና ወፍ ጨርሶብን ከእናቴ ቤት እህል ስለምን ከረምኩ። ዘንድሮም ካስበላኸው እዚያው እቀራለሁ፤ ፈልገህ እንዳትመጣ!» አለችው።

ቢተው ደነገጠ። ሚስቱን ይወዳላ! ከሚስቱ አብልጦ ደግሞ እራቱን ይወዳል። ግን እሱን የመሰለ ጨዋ ሰው እንዴት ማማ ላይ ወጥቶ ይጩህ? ወንጭፍስ ቢሆን ድንጋይ ልቀም ይላል፤ ድንጋይ መልቀም ደግሞ ማጎንበስ አለው። አሰበ፣ አሰበና፣ ወፉን አስደንግጣ ራሷ ወደ እጁ የምትመለስ ዱላ ልሥራ አለ።

ከጓሮ የተሰበረ ሞፈር አነሣ። ጎበጥ ካለበት ላይ ቆረጠና በመጥረቢያ ጠረበው። አንዱን ፊት ለጥ፣ ሌላውን ፊት ነፋ አደረገው። እንደ ክንፍ የተዘረጉትን ሁለቱን ጫፎች በቢላ ፋቀና ቅቤ ቀባቸው፤ ያውም ለገዛ ፀጉሩ የሰሰተውን ቅቤ! ከዚያም ወረወራት። ዱላዋም ሄደች። እስከ ዛሬም እየሄደች ነው።

ቢተውም፦ «ጥፋቱ የእንጨቱ ነው» አለ።

ጓሮው ውስጥ ሌላ ውዳቂ እንጨት አልነበረም። ታዲያ ምን ቸገረው? ደህናውን ቀንበር ሰበረና ውዳቂ አደረገው። እሱም አንድ ክንፉ ከበደና ገደል ገባ። ከዚያም የበሩ መቃን ሄደ። ከዚያም እንጉዳይ የምትቀመጥበት ዱካ ሄደ።

ጎረቤቱ አባ ይመኑ ሲያልፉ፦ «ኧረ ቢተው፣ ወፎቹ ማዕድ ቀርበዋል!» አሉት።

ቢተውም፦ «ይብሉ አባ፣ የመጨረሻ ምሳቸው ነው» አለ።

እሳቸውም፦ «የእነሱ ነው የአንተ?» ብለው አለፉ።

በመጨረሻ እንጨት ጠፋ። ቢተው ቀና ቢል ማማው አራት እግር አለው። ሰው በሁለት ይቆም የለ? አንዱን ቆረጠና ጠረበ። ዱላዋን በጣቱ ላይ አጋድሞ መዘናት፤ የከበደውን ክንፍ ፋቀ፣ እንደገና መዘነ። ከዚያም አገሩን ሁሉ ጠርቶ ማማው ላይ ወጣና ወረወራት።

ዱላዋ እየተሽከረከረች ሄደች፣ ደመና ቀደደችና ዞረች። ተመለሰች እኮ! ቢተው ሊቀልባት ዘንበል አለ። የማማው እግር በተቆረጠበት በኩል ነበርና ማማውም አብሮት ዘንበል አለ። ሲወድቅ «ኡኡኡ!» ብሎ የጮኸውን ጩኸት ሰባት አገር ሰማው። ወፉ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣና አገር ለቆ ተሰደደ። የማሽላው እኩሌታ ተረፈ።

እንጉዳይ እየሮጠች መጣችና መጀመሪያ ዱላዋን አነሣች።

«ይሄን የመሰለ ድምፅ የት ደብቀኸው ነው?» አለችው።

ቢተውም ከመሬት ሳይነሣ፦ «ታዲያ… ትሄጃለሽ?» አላት።

እሷም፦ «ምን በወጣኝ! እንዲህ ያለ ዱላ ሠርተህልኝ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ቢተው ወፉ እንዳይመለስ ማሳው ዳር ቆሞ ይጮኻል። ዝም ያለ እንደሆነ እንጉዳይ ከደጇ ትወረውራለች፤ ዱላዋም ጀርባውን ቸብ አድርጋ ወደ እጇ ትመለሳለች። መቼም ሙያውን አንንፈገው፤ ዱላዋ አንድ ቀን እንኳ ስታ አታውቅም።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተም ያቺን የማሽላ ቂጣ ወዲህ በሏት። ቢተው ወፍ ለማባረር ይጮኻል፤ የእኔ ሆድ ደግሞ ለቂጣ ይጮኻል።