ትሰማለች

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ በቴሌግራም ግሩፕ በሚገናኝበት በዚህ በእኛው ወቅት፣ ትርሲት የምትባል ጎርናና ድምፅ ያላት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ሳለች «ወፍጮ» ይሏት ነበር። ስሙ ቀርቷል፤ እሷ ግን ዛሬም ሰው ፊት ስትናገር ጉሮሮዋን ትይዛለች።

ይህች ልጅ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ በድምፅ የሚቀዱ በጎ ፈቃደኞች ግሩፕ ውስጥ ገባች። የደረሳት የታሪክ መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሰናይት የምትባል ተማሪ ሰኞ ትፈተንበታለች። ትርሲት ዘጠኝ ጊዜ ቀድታ ዘጠኝ ጊዜ አጠፋች፤ ዐሥረኛውን እሑድ ከሰዓት ዓይኗን ጨፍና ላከችው።

የግሩፑ ኃላፊ ጋሽ ደርብ «ልጆች፣ ትርሲትን እንዴት አገኛችኋት?» ብለው ጻፉ።

ይትባረክ የሚባለው አንባቢ በአንድ ቃል መለሰ፦ «ትሰማለች።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝማ! ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ቃሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ካነበባችሁት ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይደርሳል ማለት ነው፤ ይትባረክም ያለው ይህንኑ ነው። ላላ ካደረጋችሁት ግን «ዝም በሉ፣ እየሰማችን ነው» ይሆናል። ወፍጮ ሲባል ያደገ ጆሮ የቱን እንደሚመርጥ መቼም አይጠፋችሁም።

ወዲያው ፌቨን የምትባለው አንባቢ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ላከች። ቅጂው ላይ አንድ አውራ ዶሮ ሲጮህ ትርሲት «ሂድ ወዲያ አንተ!» ብላው ኖሯል፤ ፌቨን በዚያ ነው ሆዷን ይዛ የሳቀችው። ሳቁ ግን የወረደው ከይትባረክ ቃል ሥር ነው።

ትርሲት «ገባኝ» ብላ ጻፈች።

ጋሽ ደርብ ነገሩ ሸተታቸው። ልጅቷ እንዳትቀየም ብለው ቃሉንም ሳቁንም ጠራርገው አጠፉት። ለትርሲት ማስረጃው ይኸው ሆነ፤ ደህና ነገር ቢሆን ለምን ይደበቃል? ማንንም ሳትጠይቅ ቅጂዋን ከሁሉም ስልክ ላይ አጥፍታ ከግሩፑ ወጣች። ስልኳንም ዘጋች።

ሌላ አንባቢ እስኪገኝ ሰኞ ደረሰ። ከዚያው ምዕራፍ ስድስት ጥያቄ መጣ። ሰናይት ለማለፍ የጎደላት ሦስት ነው።

ውጤቱ ሲሰማ ሦስቱም ትርሲት ቤት ሄዱ።

«እኔ እኮ ማመስገኔ ነበር!» አለ ይትባረክ።

«እናቴን! በዶሮው ነው የሳቅኩት» አለች ፌቨን።

«ልከልልሽ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ደርብ።

ትርሲት ጉሮሮዋን ይዛ «እኔም የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለች።

ያን ጊዜ ፌቨን ሰናይት የላከችውን የድምፅ መልእክት ከፈተችላት። «ያ ጎርናና ድምፅ የማን ነበር? እየሰማሁት መሃል ላይ ጠፋብኝ። ከሁሉም አንባቢ ደህና አድርጎ የሚገባኝ እሱ ነበር።»

ከአራቱ አንዳቸውም እስከ ዛሬ አልመለሱላትም። እንግዲህ እናንተ ተከራከሩበት፦ አሳጥሮ የጻፈው፣ በምን እንደሳቀች ያልተናገረችው፣ ልከልል ብለው ያጠፉት፣ ሳትጠይቅ የወጣችው፤ ሰናይት ፊት ቀርቦ መጀመሪያ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ያለበት ማን ነው?