ለቆመ ሰው የተተከለ ድንኳን

አንድ ሰው ነበር። ዘውዴ እንበለው፤ እውነተኛ ስሙን ብጠራው ያፍርብኛል። እንጀራው አናጺነት ነው፤ ለሰፈሩ ግን የእድሩ ድንኳን ተካይ ነው። መቼም በየእድራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አታጡም። ጥሩምባ ተነፍቶ «እገሌ አረፈ» ሲባል፣ ሌላው ገና ጫማውን ሲፈልግ እሱ መዶሻውን ይዞ ለቅሶው ቤት ደርሷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ የተከለው ድንኳን ወድቆ አያውቅም።

አንድ ቀን ለቅሶ ቀረ። በሁለተኛውም ለቅሶ ቀረ። በሦስተኛውም። ሚስቱ እልፍነሽ «አገር ቤት ሄዷል» አለች። ሰፈሩም አመነ። ማመን ይቀላላ! እናንተስ ስንቱን እንዲህ አምናችሁ አልፋችኋል?

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደገፉ ቁጡ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ለቅሶ ሌሎች የተከሉት ድንኳን ሐዘንተኛው ላይ ሲወድቅ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ይሄ ሰውዬ ሦስት ወር ሙሉ አገር ቤት ምን ይሠራል?» ብለው ወደ ቤቱ ገሰገሱ።

እልፍነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ «አልተመለሰም ጋሼ» አለች። ጋሽ ደገፉ ወደ ታች አዩ። የሥራ ጫማው አቧራ ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ በባዶ እግሩ ነው አገር ቤት የሄደው?»

እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ምን ልበልዎ ጋሼ? አበደ እንዳትሉት ፈራሁ። አይበላ፣ አያወራ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። ስመለስ በሕይወት አላገኘውም ይሆናል እያልኩ ገበያ መውጣት እንኳ ትቻለሁ።»

ገቡ። ዘውዴ ዞሮ አላያቸውም። «ይሂዱ ጋሼ» አለ፤ «እኔ የሞትኩ ሰው ነኝ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? እኔ ብሆን ጥቅስ እደረድርለት ነበር። እናንተ «አይዞህ፣ በርታ» ብላችሁት ትወጡ ነበር። ጋሽ ደገፉ ግን የሚያውቁት የእድሩን ደንብ ነው። ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ! አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጁን ያዙት። «እንግዲህ ከሞትክ ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ሦስት ቀን እንቀመጣለን» አሉት።

ድንኳኑ ያለ ጥሩምባ መጣ። እልፍነሽ ጮኸች፤ «ኧረ በሕግ! በቁሙ ድንኳን? ሟርት ነው!»

«ሟርቱስ ልጄ፣ ብቻውን መተኛቱ ነው።»

አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፤ ሰው መጣ። አልመከሩትም። ምን ሆንክ አላሉትም። ካርታ ተጫወቱ፣ ስለ ቲማቲም መወደድ አማረሩ፣ ተሳሳቁ። በየተራ እየገቡ አጠገቡ ዝም ብለው ተቀምጠው ይወጣሉ። የመጀመሪያውን ቀን ዘውዴ ተከናንቦ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ካመጣችው ሾርባ ሦስት ማንኪያ ቀመሰ። እልፍነሽ ሦስቱንም ቆጠረቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሣ፤ ድንኳኑ መንገዳገድ ጀመረ። ጋሽ ደገፉ ራሳቸው መዶሻ አንሥተው ካስማውን ይቀጠቅጡት ጀመር። ወገኖቼ፣ ያላወቀበት ሰው ሲመታ ድምፁ ያስታውቃል። ዘውዴ ተኝቶ ይሰማል። አንዴ ቻለ፤ ሁለቴ ቻለ። በሦስተኛው በሩ ተከፈተ። ጢሙ አድጎ፣ በባዶ እግሩ፣ ፀሐዩ ዓይኑን እየወጋው ቆመ።

«ጋሼ፣ እሱ እንዲህ አይመታም! ወደ ውጭ ያዘንብሉት።»

መዶሻውን ሰጡት። አንድ ካስማ መታ፤ አንድ ብቻ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ማንም ዝም በል አላለውም። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ዳነ ወይ ትሉኛላችሁ። በአንድ ካስማ ማን ይድናል? በማግስቱ ጋሽ ደገፉ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ሕክምናውን ጀመረ፤ እኛም ጸለይን። ዛሬም የሚከብደው ቀን አለ። በዚያ ቀን ግን ብቻውን አይውልም፤ የእድሩ ሰዎች ተራ ገብተዋል።

እናንተ ሰዎች፣ ለሞተ ሦስት ቀን መቀመጥ እኛን የሚያህል ማን አለ? ለቆመው ታዲያ ግማሽ ቀን የምናጣው ለምንድን ነው? ጥሩምባ ስላልተነፋለት?

አሁን ይህን ስናገር አንድ ስም ልባችሁ ውስጥ መጥቷል። አውቃለሁ፤ የእኔም መጥቷል። «አገር ቤት ነው» የተባላችሁለት፣ ስልክ የማያነሣው፣ የማትታየዋ። ከመካከላችሁም በሩን ሊዘጋ ያሰበ ካለ፣ እባክህ ወንድሜ፣ እባክሽ እህቴ፣ ገርበብ አድርጋችሁ ተዉልን።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደጃፉን እዩ። ጫማው አለ? እንግዲያው ግቡ። ምን እንላለን ብላችሁ አትጨነቁ፤ ተቀመጡ። ድንኳናችሁ ቢጣመምም ግድ የለም። እሱ ወጥቶ ያቃናላችኋል።